ዝም አይነቅዝም ብዬ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5
ዛሬ ኤርፖርት አሥራ አንድ ዊልቸር ገፋሁ። አንዷ አሮጊት ከአውሮፕላኑ በር እስከ ታክሲው ድረስ ምራቷን ስታማልኝ... እሷንም መከርኳት፣ በዚያ እንግሊዝኛዬ። አቅፋኝ ሄደች። ምን ላድርግ? ሥራ ቦታም ቸርችም ታውቄአለሁ። ባል ያኮረፈባት፣ ልጅ ያስቸገረው፣ ወደ እኔ፣ ወደ ወሰንየለሽ!

ቤት ስገባ የቸርቻችን ልጅ ጊፍቲ ደወለች፣ እየተነፋረቀች። ባሏ ናኦድ እንግዳ ፊት "ወጡ ጨው የለውም" አላት። እሷስ? "ካልጣመህ ራስህ ሥራ!" እሷም እንግዳው ፊት። በቃ፣ ተኮራርፈዋል።

"እትዬ፣ ምን ይሻለኛል?"

"ዝም በዪው። ዝም አይነቅዝም። ጀማሪው እሱ ነው፣ ራሱ ይምጣ።"

ስታመሰግነኝ! ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ናኦድም እዚሁ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። በምሳ ብሬክ ያዘኝ። "እትዬ ወሰን፣ አደራ፣ ጊፍቲ እንዳትሰማ።" ያው የወጡ ጉዳይ። ሰው ፊት አዋረደችኝ ይላል። አንጀቴን በላኝ።

"አንተም ዝም በል" አልኩት። "እሷ ትቅደም።"

ሁለቱም ምስጢር ብለውኛል። ምስጢር በመጠበቅ አልታማም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10
ኧረ እግሬን! ሌላ ወሬ የለም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13
ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ሰበኩ። ጥሩ ነበር። የትምወርቅ በሰማችው አልኩ።

እህቴ ናት። ፎርት ዎርዝ፣ አርባ ደቂቃ መንገድ። ከተነጋገርን ዓመት ከአራት ወር። የልጇን የሐዳሳን የሰርግ ጥሪ በፖስታ ላከችልኝ! ቴምብር ለጥፋ! ታላቅ እህቷን፣ እንደ ሩቅ ሰው! ቤቴ መጥታ በአፏ መጥራት አቃታት? አልሄድኩም ሰርጉን። መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ። ታናሽ እሷ ናት።

ምን አስጻፈኝ አሁን? ይቅር።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20
ቸርች ውስጥ ጊፍቲ ፊት፣ ናኦድ ኋላ፣ በሩ አጠገብ። ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት ፍሪጅ ላይ በሚለጥፉት ወረቀት ነው አሉ። "ወተት አልቋል።" "ኦኬ።" ሳቄ መጣ። ግን... ሁለት ሳምንት? ለወጥ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22
ጊፍቲ ደወለች። አላለቀሰችም። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ካሮልተን የሚባል ሰፈር አፓርትመንት አግኝታለች። ዓርብ የኪራይ ውሉን፣ ሊዙን፣ ትፈርማለች፣ ለብቻዋ።

"ምነው ልጄ! አላናገርሽውም?"

"እንዳሉኝ ዝም አልኩ። አልመጣም። ካልፈለገኝ ምን ላድርግ?"

ከየት ይምጣ? ዝም በል ያልኩት እኔ! ወይ ጉዴ! በዚህ ምላሴ የሰው ትዳር ላፈርስ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23
ሁለቱንም በምሳ ሰዓት ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ጠራኋቸው። መኪናዬ ውስጥ አስገባሁ፣ እሷን ከፊት፣ እሱን ከኋላ። በሩን ሎክ አደረግሁ፣ ይሸሹኛል ብዬ። ሁሉን ተናዘዝኩ። ለሷ ያልኩትን፣ ለሱ ያልኩትን። ምስጢር ጠባቂዋ!

ከዚያ ናኦድ፣ "በየቀኑ እኮ ላናግራት እልና... እትዬ ያሉኝ ትዝ ይለኛል፣ እተወዋለሁ።"

"እኔም!" አለች ጊፍቲ። ሳቀች ስል አለቀሰች። እሱ ከኋላ እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን ያዘ።

"ወጡ ጨው ነበረው" አላት። ውሸታም።

ሊዙ ቀረ። ተመስገን!

ሲወርዱ ጊፍቲ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። "እትዬ፣ አይቀየሙኝና... እህትዎም እርስዎን እየጠበቁ ቢሆንስ?"

ሰው ሁሉ ያውቃል ለካ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፣ እኔ ነኝ። ዝም አይነቅዝም? ዓመት ከአራት ወር ሙሉ... ነቅዟል እንጂ!

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26
ፎርት ዎርዝ ሄድኩ። ሳልደውል። ብደውል ሐሳቤን እቀይር ነበር። ደጇ ላይ ፓርክ አድርጌ ቁጭ... ምን እላለሁ? ለሰው ሁሉ የማይጠፋኝ ቃል ዛሬ ጠፋ።

የትምወርቅ ከፈተች። የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ። ከስታለች።

"መጣሁ" አልኩ። በቃ፣ ይሄው ነው የወጣኝ።

"እቴቴ!" አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ሳሎኗ የሰርጉ ፎቶ ተሰቅሏል። ቤተዘመዱ በሙሉ አለ፣ እኔ የለሁም። አፈርኩ። ያን ሰሞን ደብል ሺፍት፣ ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ ነበረች፤ ሁሉንም የጠራችው በፖስታ ነው አለችኝ። ጠይቄአት አውቃለሁ? አላውቅም።

ግን ምላሴ መች ያርፋል! "ይኼን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ አታማክሪም? 'ሂጂ፣ እህትሽ ናት' የሚልሽ ጠፋ?"

"ማንን ላማክር፣ እቴቴ? እኔ ሲጨንቀኝ የማማክረው አንቺን ነበር።"

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።