በሻማ የደፈንኩት ድንጋይ

ባልንጀራዬ ልብስ ሰፊዋ፣

ልጄ የምትሠራበትን የቢላ መሳያ ድንጋይ ፋብሪካ አስጎበኘችኝ። ንድፍ የምታወጣው መሐንዲስ ለቀዶ ጥገና ምላጭ መሳያ የሚሆነውን አዲሱን ድንጋይ በማጉያ መነጽር አሳየችኝ። "ይዩት እማማ፣ ቀዳዳዎቹን ከወንዝ ድንጋይ ነው የኮረጅናቸው። ውሃ ይይዛሉ፣ የብረቱን ብናኝ ይውጣሉ። ከተደፈኑ ስለቱ ይንሸራተታል እንጂ አይሳልም" አለችኝ።

"በሻማ ቢደፈኑስ?" አልኳት።

"ኧረ ማን ነው እንዲህ ያለ ጉድ የሚሠራ?" ብላ ሳቀች።

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ የሰው ቢላና መቀስ እየሳለ የሚያድርበት ድንጋይ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበ ጠረጴዛዬን ሲያበላሽብኝ፣ ሳልነግረው ሻማ አቅልጬ ቀዳዳዎቹን ሞላኋቸው። ከዚያ ወዲህ ያንቺ መቀስ እንኳ አልሳል አለው፤ አንቺም ወደ ሌላ ሰው ወሰድሽው። እሱ "እጄ ከዳኝ" ብሎ ሥራውን ተወ፤ ይህንኑ እንዳመነ ሞተ። የሻማው ነገር ይሆን እያልኩ ብጠረጥርም፣ አፌን ይዤ ኖርኩ። እዚህ ፋብሪካ ለአንዲት ቀዳዳ ስድስት ሰው ይጨነቃል፤ እኛ ቤት እኔ ብቻዬን በአንድ ከሰዓት ደፈንኩት። አሁን ይቅርታ የምለው ሰው የለም።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን እቀፊልኝ። የባለቤቴ እጅ ደክሞ ነበር የሚል ካለም፣ እጁ ደህና ነበር በይልኝ።