ሃያ ዘጠነኛዋ መሳቢያ

ሳን ሆዜ፣ ኅዳር 1981 ዓ.ም.

ለአሰግድዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአንድ ወር አለፈ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ጥቅምት አወጣን፤ ሰዉ ሁሉ መጣ፣ በላ፣ ስምህን በደግ አነሣ፣ ሄደ። ያን ቀን ልጽፍልህ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ከስምህ በላይ አልሄድ ብሎኝ ተውኩት። ዛሬ ግን የምነግርህ ነገር አለኝ። ስለዚያ ስለ ሠራኸው ሣጥን ነው። ከአንተ ሌላ ለማን ብነግረው ይገባዋል?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኦክላንድን ለቀቅን። አውቃለሁ፣ ትቆጣለህ። ሳን ሆዜን መኪና እንጂ ሰው የማይኖርበት አገር እያልክ ስታማው ኖረህ አሁን ሚስትህና ልጅህ እዚያው ገቡልህ። እህቴ ጽጌ ከእሷ ቤት ሁለት ብሎክ ራቅ ብሎ አፓርትመንት አገኘችልን፤ ሜሮን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚቀበላት ሰው እንዲኖር ብዬ እሺ አልኩ። እኔም እዚሁ አንድ ልብስ ማጽጃ ቤት ገብቼ እንደ ድሮዬ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ሜሮን አሥር ዓመቷን ደፈነች፣ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። በአማርኛ ሳናግራት ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም። ስልክ ላይ ሰው ሳማ ከጓዳ ስትስቅ እሰማታለሁ።

ሣጥንህ ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጽጌ አይታው የፖስታ ቤት ይመስላል አለች። እሷ ምን ታውቃለች።

እንዴት እንደተጀመረ ትዝ ይልሃል? ሜሮን ሰባት ዓመቷ ነበር። አስተማሪዋ ለየልጁ እስከ ፈረንጆች ገና የሚቆጠርበት ባለ ሃያ አራት መስኮት የወረቀት ካላንደር ሰጥታ፣ ልጅቷ በየቀኑ አንዷን እየከፈተች ከውስጥ ቸኮሌት ታወጣ ነበር። አንተ ማሸጊያውን ገልብጠህ አነበብክና ወተት አለበት፣ ጾም ነው፣ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይጾማል አልክ። ቸኮሌቱን ሁሉ በጠርሙስ እያጠራቀመች እያየችው ብቻ ከረመች። ሃያ አራተኛው መስኮት ተከፈተ፤ በማግስቱ ጎረቤቱ በዓል ሲያደርግ እኛ ቤት ሽሮ ነበር። የኛ ገና ግን አይመጣም ብላ አለቀሰች። እኔም ለሕፃን ልጅ ውሃ ቀጠነ አይባልም ብዬ ተጣላሁህ። አንተ ዝም አልክ። ዝም ስትል ደግሞ በሆድህ አንድ ነገር እየለካህ እንደሆነ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው መስከረም የኩሽና ካቢኔ ከምትሠሩበት ዎርክሾፕ በየዓርቡ ቁርጥራጭ እንጨት ተሸክመህ መምጣት ጀመርክ። አለቃህ ለማገዶ መስሎት ውሰድ ብሎህ ነበር። ቀዩን ሬድውድ ለፊቱ፣ ጥቁሩን ዋልነት ለጎኑ አደረግከው። ጋራዡ ውስጥ ስትልግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ ሁለት ወር ሙሉ ቤታችን እንጨት እንጨት ሸተተ። ስንት መሳቢያ ነው ብዬ ብጠይቅህ ሃያ ዘጠኝ አልክ። ታኅሣሥ አንድ ይጀመራል፣ በሃያ ዘጠኝ ገና ነው፣ አለቀ። ደግሞም እንደ ልማድህ የመሪጌታ ልጅ መሆንህን፣ የበዓል ቀን አቆጣጠሩን፣ ባሕረ ሐሳቡን ከአባትህ እግር ሥር እንደተማርከው አስታወስከኝ። ይህን ነገር በሳምንት ስንት ጊዜ ትነግረኝ እንደነበር አንተም አታውቀው።

ቁጥሩን በየመሳቢያው ፊት በግእዝ በመሮ ቀረጽከው፤ ከ፩ ጀምረህ ፳፱ ላይ ጨረስክ። መያዣ ሲቸግርህ የደረስኩልህ እኔ ነኝ። ባለቤት ያጣ የልብስ ቁልፍ አንድ ጣሳ ሙሉ ነበረኝ። አንዱ ካንዱ የማይገጥም ሃያ ዘጠኝ ቁልፍ መረጥን፤ ለሃያ ዘጠነኛዋ ትልቁን፣ ወርቃማውን የካፖርት ቁልፍ ሰጠሁህ። ስለዚህ ሣጥኑ የአንተ ብቻ አይደለም፣ እኔም ድርሻ አለኝ።

የመጀመሪያው ታኅሣሥ እንዴት ያለ ታኅሣሥ ነበር! ሜሮን ጠዋት ጠዋት ጥርሷን ሳታጥብ ሣጥኑ ሥር ትቆማለች። ከየመሳቢያው አውራ ጣት የምታህል የእንጨት ሥራ ትወጣለች፤ ኦክላንድ ሐይቁ ዳር እንዳሉት ያለች ዝይ፣ አውቶቡስ፣ ቀንድ አውጣ፣ ለእኔ ደግሞ መቀስ። የገና ዕለት ከሃያ ዘጠነኛዋ ትንሽዬ የገና ዱላ ከነሩሯ ወጣች። እናንተ አባትና ልጅ በሹካ ድንች እየመታችሁ ገና ስትጫወቱ ሳህኔን ሰበራችሁብኝ። ያን ቀን እንደሳቅነው ሌላ ጊዜ መሳቃችንን አላስታውስም።

ከፋሲካ በኋላ አመመህ። ሐኪሞቹ ያሉትን ሁለታችንም ሰማን፤ ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን አልተነጋገርንበትም። ሐምሌ ላይ መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠግተህ፣ ጉልበትህ ላይ ፎጣ ዘርግተህ መቅረጽ ጀመርክ። ለመጪው ታኅሣሥ ነው አልክ። ምነው ገና በሐምሌ ብልህ ፈገግ ብለህ መቅረጽህን ቀጠልክ። ጠጋ ስል በእጅህ ትከልለው ነበር። ጨርሰህ መሳቢያዎቹን ስትዘጋ፣ ታኅሣሥ እስኪገባ ማንም እንዳይነካቸው አልክ። በመጨረሻው ሳምንትህ ሆስፒታል አጠገብህ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ አፍህ አስጠጋሁ። የነገርከኝ ግን ጳጉሜን ዘንድሮ ስድስት ስለነበረች፣ የመጀመሪያዋን መሳቢያ እንደ አምና በዲሴምበር አሥር ሳይሆን በአሥራ አንድ እንድንከፍት ነበር። ሌላ ቃል ስጠብቅ ቁጥር ሰጠኸኝ። አዝኜብህ ነበር፣ አልደብቅህም።

እንዳልከው በአሥራ አንድ ከፈትን። አንተ ከሄድክ ወዲህ የፈረንጁንም የሐበሻውንም ቀን ትቼ የምቆጥረው በመሳቢያ ነበር። አሰግድዬ፣ ሕመምህን እንደገና አንድ በአንድ ያየሁት ያኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ያማሩ ነበሩ። ከአሥራ አምስት በኋላ እጅህ እየደከመ መሄዱ ይታያል። የሃያ ሁለተኛዋ ድመት ጆሮ የላትም፤ ሜሮን ድንች መስላት ነበር። አንዲቱንም አልጣለችም፣ ሁሉንም መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው።

ሃያ ሰባተኛዋን በከፈትን ዕለት እማማ ዘነቡ ደወሉ። ለቤተ ክርስቲያን የምንከራየውን አዳራሽ የሚያሰናዱት እሳቸው መሆናቸውን ታውቃለህ። ለነገው በዓል ምን ይዤ እንደምመጣ ጠየቁኝ። እኔም ገና ከነገ ወዲያ ነው፣ ገና ሁለት መሳቢያ ይቀረናል አልኳቸው። እሳቸውም፣

“ልጄ፣ ዘንድሮ ዮሐንስ አይደለም እንዴ? በዮሐንስ እኮ ገና በሃያ ስምንት ነው” አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። በየአራት ዓመቱ፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን፣ ዘመነ ዮሐንስ ይገባና ገና በአንድ ቀን ይቀድማል። ይህን ጨርሶ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ቀኑን መቁጠር የአንተ ሥራ ስለነበር ትቼው ነው። ያስለቀሰኝ የእኔ መርሳት አልነበረም። የመሪጌታው ልጅ መርሳቱ ነው። ሃያ ዘጠኙንም ሞልተህ ስትዘጋ ሐሳብህም እንደ እጅህ ደክሞ ነበር ማለት ነው፣ እኔም አጠገብህ ተቀምጬ አላስተዋልኩም ማለት ነው ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ሜሮን ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ዳዲ ተሳሳተ ማለት ነው? አለችኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ሃያ ስምንተኛዋን ከፈተች። የገና ዱላዋ እዚያ ነበረች፤ ጠማማ፣ ሻካራ፣ ከነሩሯ። አልረሳህም ነበር። ገና በሃያ ስምንት መሆኑን ታውቅ ነበር። ታዲያ ሃያ ዘጠነኛዋ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እጄን ወደ ወርቃማው ቁልፍ ስሰድ ሜሮን መዳፏን ጫነችበት።

“ኖት የት፣ ማሚ” አለች።

ገና አይደለም ማለቷ ነው፤ ለምን እንደሆነም ገባኝ፤ የእኔም ፍርሃት እሱው ነበር። ከአንተ ሊመጣልን የቀረው ነገር ያ ብቻ ነበር። እሱ ከተከፈተ አንተም አለቅክ። ስለዚህ ተዘግታ ቆየች። በሰኔ ወደዚህ ስንመጣ ሜሮን ሣጥኑን ለማንም አልሰጥም ብላ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውራ ጣቷን ከወርቃማው ቁልፍ ላይ ሳታነሣ ነው የደረሰችው። እኔም ፍሪዌዩ ላይ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ከኋላ የነበረው ሁሉ ክላክሱን አንባረቀብን። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ መሳቢያዋን ነቅነቅ አደረግኳት። ከውስጥ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ደንግጬ ተውኩት።

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ታኅሣሥ ደረሰ፣ ሃያ ስምንቱ መሳቢያ ባዶ ነው፣ ማን ይሞላዋል? እኔ መርፌ እንጂ መሮ አላውቅም። ለሜሮን ዘንድሮስ ይቅርብን አልኳት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ሣጥኑን አውርዳ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና በአማርኛ፣ በራሷ አፍ፣ “ማሚ፣ ዘንድሮ ማን ነው?” አለችኝ። ስለ ወንጌላዊው መጠየቋ ነበር። ማቴዎስ ነው አልኳት። እንግዲያው ገና በሃያ ዘጠኝ ነው፣ ይቺም ታስፈልገናለች አለችና ስባ ከፈተቻት።

ባዶ ነበረች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሜሮን ግን መሳቢያዋን ጨርሳ አውጥታ ወደ መስኮቱ ዞር አደረገቻት። ወለሏ ላይ በዚያ ሁልጊዜ ጆሮህ ላይ በምትሰካው ወፍራም እርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል ጽፈህበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሳስቆጥራት የምታለቃቅስብኝ ልጅ አንድ በአንድ እየለቀመች ድምፅ አውጥታ አነበበችው፦

“ዘንድሮ ዮሐንስ ነው፤ ይቺ አታስፈልግም። ይቺ የከርሞ ናት። የከርሞውን እናንተ ሙሉት። የመሪጌታ ልጅ አይሳሳትም።”

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከመቃብር ሆነህ እንኳ ጉራህን አለመተውህ አሳቀኝ። ከዚያ እስኪበቃኝ አለቀስኩ፤ ሜሮንም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አንተ ከሞትክ ወዲህ አብረን ስናለቅስ ያ የመጀመሪያችን ነው። እስከዚያ እየተደባበቅን ነበር የምናለቅሰው። ይቅር በለኝ፤ ያን ቁጥር ሆስፒታል ስትነግረኝ የሰጠኸኝ የስንብት ቃልህን እንደነበር አላወቅኩም። ከእኔ በኋላም ታኅሣሥ ይገባል፣ እናንተም ትከፍታላችሁ ማለትህ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነን። እኔ ከጨርቅ ቁርጥራጭ በግ፣ ወፍ፣ ዓሣ እሰፋለሁ፣ ሆዳቸውን በጥጥ እሞላለሁ። ሜሮን መሮህን ይዛለች። አውራ ጣቷን ቆርጣ ሁለት ጊዜ በፕላስተር አሽጌላታለሁ፤ መሮውን ልቀማሽ ብል እንደ አንተ ዝም አለችኝ። የመጀመሪያዋ ዝይ ጫማ ትመስላለች፤ እሷንም አስገባናት። ሃያ ስምንቱን አብረን ሞላን። ሃያ ዘጠነኛዋን ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ብቻዋን ሞላች። ምን እንዳስገባች ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አልነግርሽም አለች።

ናፍቆትህ አልቀነሰልኝም፤ እንዲቀንስም አልፈልግም። ዛሬም የሥራ መውጫህ ሰዓት ሲደርስ በሩን አያለሁ። አንተ ግን በዚህ በር ገብተህ አታውቅም። ነገር ግን ዓመት ከወር ወደ ኋላ ብቻ ሳይ ከርሜ፣ አሁን ከፊቴ የምጠብቀው አንድ ቀን አለኝ። እንደ ልጅ ቸኩያለሁ።

ከነገ ወዲያ ታኅሣሥ ይገባል። ቃሌን ልስጥህ። በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስ ሃያ ዘጠነኛዋን እኛ እንሞላታለን። ዮሐንስ በመጣ ቁጥር ግን ሃያ ዘጠነኛዋን ባዶዋን እንተዋታለን፤ ከፍተን ጽሕፈትህን አንብበን እንዘጋታለን። እኔ ባልኖርም ሜሮን ታደርገዋለች፣ ቆጠራውን ይዛዋለች። ያቺ ቀን የአንተ ናት።

ትርንጎ