የሊ መጥበሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ከሰዓት

ጥቅል ጎመን ከትፌ ጨረስኩ። ማን ሊበላው? እኔው። ዛሬም የገባው ሁለት ሰው፤ ሁለቱም ሻይ። አንዱማ ብርጭቆውን አገላብጦ አየው። ስማ ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?

የምግብ ቤቴ ታፔላ ላይ «የቻይና ምግብ፣ ሐላል» አስጽፌያለሁ። «ሐላል» የሚለውን አስበልጬ። ማን ያነበዋል! ጫት ነጋዴዎቹ ከሂርና ሲመለሱ ደጄ ላይ መኪና ያቆማሉ፣ ከዚያ ማዶ ተሻግረው ሩዝ ይበላሉ። የኔስ ሩዝ አይደለም እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13

ጣጣው ሁሉ ከመጥበሻው ነው። ቦርደዴ በኩል መንገድ ሲሠራ ለቻይናዎቹ የሚያበስለው ሊ ነው ሲሄድ የሰጠኝ። ጎድጓዳ፣ ጥቁር፣ ከባድ። ካምፑ ውስጥ ረዳቱ ነበርኩ። እሳቱ ይንደድ፣ እጅሽ ይፍጠን፣ ጎመኑ ሳይልፈሰፈስ አውጪው፤ ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ። ያገሩ ቃሪያ ሲያልቅበት በኛ ሚጥሚጣ ይሠራ ነበር። እናቱ ብትቀምሰው የልጇ ምግብ መሆኑን እንደማታውቅ እየነገረኝ ይስቃል። ለኛ ለሙስሊሞቹ ሠራተኞች መጥበሻ ለይቶ ነበር። ይሄ ያ ነው። ወላሂ ያ ነው! የጭሮ ሰው ግን አሳማ ሲጠበስበት ቆሞ ያየ ይመስላል።

ሼኹን ጠየቅኩ። ጥርጣሬ ካለ ሰባት ጊዜ ይታጠብ፣ አንዱን በአፈር አሉኝ። አጠብኩት። አባቴ ቆሞ እያየኝ፣ ቀዩን አፈር በእጄ እያሸሁ። ይበቃል አለ። አፉ ይበቃል አለ እንጂ ሆዱ እስከ ዛሬ እምቢ ብሏል። አባቷ ያልበላላትን ማን ይበላላታል? የሰፈሩ ሰው የሚያየው እሱን ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ ቢበላልኝ! አንድ ጊዜ ብቻ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14

አባ ከጁምዓ ሲመለስ በደጄ አለፈ። በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ አጽድቼ ጠብቄው ነበር። ከመንገድ ሆኖ ሰላም አለኝ፣ ሄደ። ደከመኝ።

እሑድ፣ ጥቅ. 16

ሁለት ቻይናዎች! ወደ ሐረር የሚሄዱ። ሊ ጽፎልኝ የሄደውን የቻይና ፊደል ታፔላው ላይ አይተው ነው የገቡት። ዕንቁላል በቲማቲም፣ ኑድል በሥጋ። ጥርግ አድርገው በሉ። ከዚያ አንዱ ስልኩን አናገረና ስልኩ በአማርኛ ነገረኝ። ጥሩ ነው፣ የቻይና ግን አይደለም።

ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለጭሮ ቻይና ነኝ፣ ለቻይና የጭሮ ነኝ። አቦ፣ የማን ነኝ ታዲያ?

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 18፤ ዐሥር ሰዓት

አባ መጣ!! በፌስታል ሳህን ይዞ። ከቤቱ። አበባ ያለበት የቆርቆሮ ሳህን። እሱ ራሱ የቻይና ሥራ ነው! የኔን ሳህን ተጸይፎ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ንዴቴን ግን ዋጥኩት። መቀመጥ አልፈለገም፣ ጉልበቴን አለ፤ ቤት ወስዶ ሊበላ ነው። ምን ቸገረኝ! እሳቱን ለቀቅኩት። ኑድል፣ ሥጋ፣ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠል ከላይ። ሳህኑን ሞላሁለት። «ኢንተላ ቲያ፣ እጅሽ ይባረክ» አለኝ፤ በኦሮምኛው ልጄ ብሎ። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ በመንገዱ መሐል ሄደ። ሰው ሁሉ አየ። ወዲያው ሦስት ጎረቤቶች ነገ ለምሳ እንመጣለን አሉኝ።

አልሐምዱሊላህ። ሊ፣ የትም ሁን፣ ይሄን ባየህ!

ረቡዕ፣ ጥቅ. 19

ጠዋት ለምሳው ጎመን ገዝቼ ስመለስ በአባ ቤት በኩል ዞርኩ። ሳህኑ ግንቡ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ታጥቧል። እንዴት ንጹሕ ነው ብዬ አነሳሁት። ከጠርዙ ሥር ቀይ አፈር ተጣብቋል። በጥፍሬ ፋቅኩት። አፈር ነው። ያኔ እኔ መጥበሻውን ያሸሁበት ዓይነት።

በልቶ ነው ወይስ ሳይበላ? አልጠየቅኩም። ከውስጥ ወጣ። ጣፈጠኝ አለ፤ ዓይኔን ግን አላየም። አፊያ ይሁንልህ አልኩት። ሲገባ ሳህኑን ቦታው መለስኩት፣ አፈሩን ወደ ታች አድርጌ። እንዳየሁ እንዳያውቅ።

ምሳ ሰዓት ሦስቱ መጡ። አባትሽ በሉ አይደል፣ ጣፈጣቸው? አሉኝ። ጣፈጠው አልኩ። ምግብ ግን የለም፣ ተዘግቷል አልኩ። አባ ሳህኑን በአፈር ያጠበበትን ምግብ ለነሱ እንዴት ላቅርብ? ታፔላውን ዛሬውኑ አወርዳለሁ።