የሚያይ እንጂ የማይከለክል ዘበኛ

ጥቅምት 4
ጠዋት የላብራቶሪው ኃላፊ ደወለ። ውጤት አልወጣም፣ በሽተኛው ተሰልፏል፣ እሱ ደግሞ ነዷል። ጥፋቱ የኔ ዘበኛ ነው። የሆስፒታሉ ሰርቨር ላይ የጫንኩት፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም የተፈቀደለትን ፋይል ብቻ እንዲነካ የሚያደርገው ሥርዓት። የላብራቶሪው ፕሮግራም አዲስ ፎልደር ፈለገ፣ ዘበኛው እምቢ አለ። ደንቡን ላስተካክል ብል ግማሽ ቀን ይፈጃል... እያየ እንዲመዘግብ እንጂ እንዳይከለክል አደረግኩት። ለአምስት ደቂቃ ብቻ።

ጥቅምት 15
አምስት ደቂቃዋ አሥራ አንድ ቀን ሆነች። ዛሬ ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሯ ጥበቃው በርቷል ወይ ስትለኝ በርቷል አልኩ። ውሸት ነው? በርቷል እኮ... ማንንም አይከለክልም እንጂ። ከአምስት ቀን በኋላ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ካወቀ መባረሬ ነው።

ጥቅምት 16
ተገላገልኩ! መዝገቡን አይቶ ፈቃዱን ራሱ የሚጽፍ መሣሪያ አለ። ሳይፈቀዱ ዘበኛው አይቶ ያሳለፋቸውን አራት መቶ አሥራ ሁለት ነገሮች ሰጠሁት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፈቃድ ጻፈልኝ። እንዴት ያለ ታዛዥ ነው! ጉራዬን ልነዛ ሥራውን ላስተማሩኝ፣ ጡረታ ለወጡት ጋሼ ደወልኩ።

«አንብበሽዋል?» አሉኝ።

«መሣሪያው አንብቦታል» አልኩ።

«እንግዲህ ሌባም ገብቶ ከሆነ ፈቃድ ጽፈሽለታል።»

ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሁለት መቶ ሰባተኛው መስመር ላይ ክው አልኩ። የሆስፒታሉ ካፌ የምግብ ዝርዝር ፕሮግራም የሦስት በሽተኞች ማህደር ከፍቷል። የምግብ ዝርዝር ማህደር ምን ያደርግለታል? በሱ በኩል ሰው ገብቷል። እኔ ደግሞ ቋሚ ነዋሪ ላደርገው ነበር።

ጥቅምት 17
የካፌውን ፕሮግራም ዘግቼ ለዳይሬክተሯ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለሦስቱም በሽተኞች ራስሽ ደውለሽ ንገሪ አለችኝ። ሁለቱ ሰደቡኝ፣ እውነታቸውን ነው። ሦስተኛዋ እማማ ግን አጽናኑኝ። ስኳር እንዳለብኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሌባው ነው ዘግይቶ የሰማ አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 20
አራት መቶ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሠላሳ አንዱ ብቻ ፈቃድ ይገባቸዋል። ዘበኛው አሁን ከነመከልከሉ በርቷል። ተቆጣጣሪው ጉዱን ከኔው አፍ ሰማ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ አልተባረርኩም። ከእንግዲህ ዘበኛውን ለማላላት ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ዳይሬክተሯ ጋ። ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ራሴን አውቃታለሁ እኮ...

ከሰዓት አንድ ደንብ ልነካ ስል ዘበኛው እኔኑ አልተፈቀደም አለኝ። እኔን! የሰርቨሩን አዛዥ! መጀመሪያ ደሜ ፈላ... ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ተነስቼ ሄጄ የዳይሬክተሯን በር አንኳኳሁ።