ከመጨረሻው ገጽ ለምትጀምር

ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 1964 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹ ጤና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ወረቀት ጅማ ድረስ ያመጣችልሽ የአክስታችን ልጅ ፀዳለ ናት። ፊቷን አትዪ፤ ፊቷ ምስጢር አይችልም። አጠገብሽ አስቀምጫትና አንብቢ።

ትናንት የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልደሰንበት ጎረቤታችንን አቶ መገርሳን አስከትለው መጡና ላንቺ ምን እንደሚጻፍ ሲመክሩ ዋሉ። አቶ ወልደሰንበት «እማዬን ትንሽ አሟታል ብለህ ጀምር» አሉኝ።

አቶ መገርሳ «በትንሽ ሕመም ማን ከጅማ አውቶቡስ ይሳፈራል? ሆስፒታል ገብታለች በላት» አሉ።

«ሆስፒታል ካልካትማ እዚያው ታለቅሳለች! እሱ ለሚቀጥለው ደብዳቤ ነው። ምን ዓይነት ደራሲ ነህ? ቀስ እያልክ አስጠጋት እንጂ!» ብለው አቶ ወልደሰንበት ተቆጡኝ።

እውነታቸውን ነው። ለማላውቀው አንባቢ የምጽፈው እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ አልጋ፣ ሌላውን ወደ ኋላ። ላንቺ ግን አይሆንም። ታሪኮቼን ለእማዬ ስታነቢላት መጨረሻውን ገልጠሽ ታዪና «ይሄኛውስ አይመለስም» ብለሽ ታፈርጪው ነበር። እሷም «እሰይ፣ ገላገልሽኝ» ትልሻለች። እኔ ብቻ እናደዳለሁ።

ደጋግሜ ጀምሬ ቀደድኩት። ብቀመጥ አላስችል አለኝ፤ ብወጣ ደጁ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ባደርገው ቀድመሽ ታገኚዋለሽ። መሃል ብሸሽገው ዘለሽ ትደርሺበታለሽ። ስለዚህ ለሁለት ወረቀት ከፈልኩት። ሁለተኛው ፀዳለ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ የምትሰጥሽ ባለቤትሽ ከሥራ ሲገባ ነው። አሁኑኑ አምጪ ብለሽ እንደምትጨቀጭቂያት ስለማውቅ በመድኃኔ ዓለም አስምዬአታለሁ።

*

እህቴ፣

እነ አቶ ወልደሰንበት ጻፍ ያሉኝ ሕመም አልነበረም። ሳል የለ፣ አልጋ የለ። ቅዳሜ ጠዋት ሻሿን እያሰረች ከባለሱቁ ከፈቀደ ሳሙና እንዳመጣላት ላከችኝ። ስመለስ ወንበሯን ተደግፋ ዝም ብላለች። ጠራኋት። ሳሙናውን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

እሑድ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሸኛት። ድንኳኑ አንቺ እስክትመጪ አይነቀልም፤ ዕድሩ ፈቅዷል። ብቻሽን አትሳፈሪ። ፌርማታው ላይ እጠብቅሻለሁ። እዚያ ደርሰሽ አልቅሺ፤ መንገድ ላይ አትጎጂ።

ደብዳቤ ስንጨርስ ምርቃቱን የምትነግረኝ እሷ ነበረች፤ እኔ እጽፍ ነበር። ዛሬ የሚነግረኝ የለም፤ አላውቅበትምም። መንገዱን ያቅናልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ሰው አያሳጣሽ።

ታላቅ ወንድምሽ