ያልጮኸው የኦቦ ጀማል ስልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ሮቤ

ለጎባው ፈረስ አከራይ ለኦቦ ጀማል የሠራሁትን ድረ ገጽ ዛሬ አሳየኋቸው። ከተመረቅሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። በላፕቶፔ አምሮ ነበር። በእሳቸው ስልክ ሲከፈት ግን የተራራው ፎቶ ተለጥጦ «ይደውሉ» የሚለውን ቁልፍ ሸፈነው።

«ልጄ፣ ፈረሱን አሳምረሽ አከራዩን ደበቅሽው» ብለው ሳቁ። ቀጥለው፣ «ሥራውን አዲስ አበባ ላለው ለወንድሜ ልጅ ልስጠው እንዴ?» አሉኝ።

«አይስጡት፤ ሐሙስ ይምጡ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን ከስክሪኑ ጋር እንዲጠብ አደረግኩት፤ ቁልፉ ወጣ። ሲነካ ግን አይደውልም። ቁልፉን የሚያስደውለውን ኮድ፣ ስክሪፕቱን፣ ከገጹ ኮድ አናት ላይ ስላስቀመጥኩት ቁልፉ ገና ሳይመጣ ቀድሞ የሚሠራ ይመስለኛል። ወደ ታች አወርደዋለሁ። ያም ካልሆነ ሌላ እሞክራለሁ።

የወንድማቸው ልጅ እዚያው አዲስ አበባ ይቆይ። ቁልፉ ሲነካ የኦቦ ጀማል ስልክ ሐሙስ ሮቤ ላይ ይጮኻል።