በሽፍታ ጎጆ ውስጥ ቴሌቪዥን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ከድርን ዛሬ ሁለቴ ገደልነው። መጀመሪያ አንገቱን በጎራዴ፣ ቀጥሎ ገደል ገፍቼው። «ጾመኛ ሰው እንዲህ ይጨፈጨፋል?» እያለ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ረመዳን ነው። እስኪያፈጥር ሰዓቱ አልገፋ ስለሚለው ሱቁን ለወንድሙ ጥሎ እኛ ቤት ይመጣል።

ጨዋታው ይሠራል! ሕጉን ከዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ነው ያመጣሁት። የራሱ ዓለም የለውም፤ ለፈለግከው ታሪክ ይሆናል ነው የሚለው። ሰሌዳ የለ፣ ጠጠር የለ፣ ሁሉም በአፍ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ እኔ ማለት ነው። ሌሎቹ አንዳንድ ሰው ይይዙና «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። መሆን አለመሆኑ ሲያጠራጥር ዕጣ ይወጣል። አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ያልከው ሆነ። ካነሰ ደግሞ ባላጋራህ እንዴት እንደከሸፈብህ ይተርካል።

ዕጣው መውጣት የነበረበት በዳይስ ነው። ዳይስ ግን አባዬ ቤት አይገባም፣ ቁማር ነው። ሉዶን እንኳ ጎረቤት እየሄድን ነው የተጫወትነው። ስለዚህ ስድስት የለስላሳ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን ካልሲ ውስጥ ከተትን። አባዬ ካልሲውን አየት አደረገና መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ምን ይበል?

ታሪኩ የድሮ ዘመን ነው፣ ከባሕር ዛፉም በፊት። እንጦጦ፣ ጫካ፣ መንገደኛ የሚጠብቁ ሽፍቶች። ከድር ነጋዴ፣ እህቴ ፍሬ መድኃኒት አዋቂ።

ፍሬ ቅዳሜ ዕለት አንድ ሻንጣ ይዛ ከባሏ ቤት መጣች። «ትንሽ ተጋጨን» ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላለችም። ጨዋታ ውስጥ ያስገባኋት ፊቷ ቢፈታ ብዬ ነው። ግን ሽፍታ መጣ፣ «እሸሻለሁ»። ጅብ መጣ፣ «እሸሻለሁ»። አናደደችኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

የፍሬ ባል የቢንያም ሽማግሌዎች ደወሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጥተው ሊያስታርቁ፣ ፍሬም ወደ ባሏ ቤት፣ መሪ ሰፈር፣ ልትመለስ ነው። አባዬ እሺ አላቸው። እሷን አልጠየቃትም። እሷም ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ቢንያም ቤተክርስቲያናችን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወተው ነው። ሁሉም ይወደዋል። እኔም እወደው ነበር። አሁን ምን ማሰብ እንዳለብኝ አላውቅም። መቷት ይሆን? አንድ ጥፊ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? መጋቢት ላይ ፍሬ እጇ ተሰብሮ ነበር፣ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወድቃ። ያን ጊዜ አባዬ ሄዶ ጸልዮላት ተመልሷል።

ስለ ጨዋታው፦

ውጊያው ፈጣን ነው። ከድር የአንዱን ሽፍታ አንጀት እንዴት እንደዘረገፈ ሲተርክ ምራቁን መዋጥ ረስቶ ነበር።

ክፉው ሰው ከደከመ ታሪኩም ይደክማል። የእኔ የሽፍቶች አለቃ ጩኸት ብቻ ነው።

ፍሬ አሁንም ትሸሻለች።

የቀበሌዋ ሴትዮ ጩኸታችንን ሰምተው በመስኮት ብቅ አሉ። «አንድ ለአምስት ነው የምትሰበሰቡት?» ከድር፣ «ገና ሦስት ነን፣ ሲሞላልን እንነግርዎታለን» አላቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ነገ የሽፍቶቹን አለቃ ለፍሬ እሰጣታለሁ። ሌላ ሰው ስታስጨንቅ ትንሽ ይወጣላት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

አንድም ቃል ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ መብራት ሄዷል። አባዬ ጥግ ላይ ሻማ አብርቶ ያነባል። የከድር ነጋዴ ተማርኮ አለቃው ጎጆ ውስጥ ታስሯል። አለቃው ፍሬ ናት። ትሽኮረመማለች ብዬ ነበር።

አልተሽኮረመመችም። ድምፅዋ ለስላሳ ሆነ። «በሩን ይቆልፋል» አለች። «ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ምን ስትሠሪ ዋልሽ ይላል። አይጮህም። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን ይፈታና ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀምጣል።»

ከድር ሳቀ። «ፍሬ ሙች፣ ሽፍታ ጎጆ ውስጥ ቴሌቪዥን ከየት መጣ?»

አልሰማችውም። «ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ፎጣ በውኃ አርሶ እጁ ላይ ይጠቀልላል። ፊት አይመታም። ጎን ነው፣ ጀርባ ነው፣ ሆድ ነው። ስትወድቅ በፀጉሯ ጎትቶ ያነሳታል።»

የማደርገው ጠፍቶኝ ካልሲውን ዘረጋሁላት። አምስት ወጣ። ቀጠለች። እንደገና ዘረጋሁላት። ስድስት።

«ቀኝ እጇን በሩ መሃል ያደርግና ይዘጋዋል» አለች። «አጥንት ሲሰበር ይሰማል፣ ቴሌቪዥኑም አይሸፍነውም። ሲጨርስ ፊቱን ይታጠባል። ብርቱካን ልጦ ያጎርሳታል። ተንበርክከን እንጸልይ ይላታል። ይቅርታ የምትለምነው እሷ ናት።»

የከድር ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ካልሲው ውስጥ ከተተና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አባዬ መጽሐፉን እንደያዘ ነው፤ ገጹን ግን ከገለጠው ቆይቷል።

ፍሬ ዞር ዞር ብላ አየችን። «ጨዋታ እኮ ነው» አለች።

መጋቢት ላይ ከደረጃ አልወደቀችም። ቢንያምን መግደል እፈልጋለሁ። ይህን ስጽፍ ምንም አላፍርም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 12

አባዬ ቁርሱን ሳይነካ ዋለ። ከድር ከጁምዓ መልስ መጣ። ጨዋታውን ማን ያንሳው? ሁላችንም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርን። አባዬ ወንበሩን ስቦ መሃላችን ተቀመጠና «ለእኔም ሰው ስጡኝ» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። «ምን ዓይነት ሰው?»

«ሽማግሌ። መንገደኛ። ጎጆው ደጃፍ የደረሰ።» ከዚያ ፍሬን ሳያያት፣ «በሩን አንኳኳለሁ። ውስጥ ያለችውን ይዤ እወጣለሁ» አለ።

እጁን ካልሲው ውስጥ ከተተ። ሁለት ወጣ።

«እንደገና።»

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«እንደገና አልኩህ!»

ደግሞ ከተተ። አንድ ወጣ።

ከከሸፈ የሚተርከው ባላጋራው ነው፣ ፍሬ ማለት ነው። እኔ ጨዋታውን ላቆመው አፌን ስከፍት ጀመረች።

«አለቃው በሩን ይከፍታል። ይስቃል። ይግቡ አባባ ይላል። እሷ ሶፋ ላይ ናት፣ እጇ በጀሶ ታስሯል። ከደረጃ ወድቃ ነው ይላቸዋል። ሽማግሌው ሻይ ይጠጣሉ። ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ። እሷ ዓይናቸውን ትፈልጋለች፣ እሳቸው ጨፍነዋል። አሜን ይላሉ። ኮታቸውን ይለብሳሉ። ይሄዳሉ።»

አባዬ ተነስቶ ጓሮ ወጣ። በመስኮት አየሁት። ዝናብ ውስጥ ቆሞ ግንቡን በጡጫው ይመታዋል፣ ደግሞ ይመታዋል። እኔን እንኳ አንድ ቀን በኩርኩም ነክቶኝ የማያውቅ ሰው! ከድር ወጥቶ ክንዱን እስኪይዘው ድረስ አላቆመም። የጣቶቹ ቆዳ ተገፏል።

ፍሬ ቁስሉን በጨርቅ አሰረችለት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 13

ለማንም ሳልናገር መሪ ሄድኩ። ከድር ግን በሱቁ ሳልፍ ፊቴን አይቶ ተከተለኝ። ታክሲ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመከረኝ አይቆጠርም። «ናቲ፣ ይቅርብህ። ናቲ፣ ታስረህ ፍሬን ምን ትጠቅማታለህ?» ልክ ነበር። አልሰማሁትም።

ቢንያምን ደረጃው ላይ ጄሪካን ውኃ ተሸክሞ አገኘነው። «ናቲ! እንኳን መጣህ» አለ ፈገግ ብሎ። አፉን አልኩት። ጄሪካኑ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ደገምኩት። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ደሙ እጄ ላይ ሞቀኝ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ እሱ ጀመረ። ጎኔን። ወደቅኩ። ጀርባዬን፣ ሆዴን በእርግጫ። ፊቴን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካኝም። እኔ ተናድጄ ነው የመታሁት፣ የመጣልኝን። የእሱ እጅና እግር ግን የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ሲሚንቶው ላይ ተጋድሜ ፍሬን ነው ያሰብኩት፣ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደወደቀች።

ከድር በጾም አንጀቱ ከወገቡ ይዞ ጎትቶ ለየን። ጎረቤቶች በር በሩን ከፈቱ። ቢንያም ደሙን እየጠረገ፣ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ይቅርታ» አላቸው። አመኑት። በራቸውን ዘጉ።

ቤት ስመለስ ፍሬ ጎኔን በሞቀ ውኃ እየያዘችልኝ ጮኸችብኝ። «ማን ለመነህ? ነገ ይዞኝ ቢሄድ ይሄንን በማን ላይ የሚወጣው ይመስልሃል?» ለካ እሄዳለሁ ብላ ነው የምታስበው። አባዬ ለሽማግሌዎቹ የሰጠው ቃል እንዳለ ነው፣ አላነሳውም። መኝታ ቤቱ ዘግቶ ተቀምጧል።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ቢንያም ከንፈሩ አብጦ፣ ከረባት አስሮ ከኋላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ተነሱና «በጸሎት እንጀምር» አሉ።

«አንጀምርም» አለ አባዬ።

ትልቁ ሽማግሌ ተመልሰው ተቀመጡ።

«በቀደም እሺ ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ። ልጄ አትሄድም።»

«ወንድሜ፣ ትዳር እኮ ነው…»

«እጇን በር መሃል አድርጎ ነው የሰበረው።»

ቢንያም ሳቅ አለ። «አባባ፣ ዋሽታዎት ነው።» ሄዶ ፍሬን ያንኑ እጇን ያዛት። «ተነሺ፣ እንሂድ።» ድምፁ ለስላሳ ነበር። አባዬ መሃላቸው ገባ። ቢንያም በሁለት እጁ ገፈተረው። አባዬ ወደ ኋላ ሄደ፣ ደፉ አደናቀፈው፣ ውጭ ደረጃው ላይ በወገቡ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ እያዩ።

ፍሬ በርጩማውን አንስታ ቢንያም ትከሻ ላይ አሳረፈችው። አጎነበሰ። ደገመችው። የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ፣ የበርጩማው እግር ይሁን የእሱ አጥንት አላወቅኩም። ሦስተኛውን ልትሰነዝር ስትል ከኋላ አቅፌ ያዝኳት። ልቧ ደረቷን ሊቀድ ይደልቃል። እሱ ትከሻውን ይዞ እየተሳደበ ወጣ። እንዲያ ሲሳደብ ሰው ሰምቶት አያውቅም።

«ሴት ልጅ እንዲህ ትማታለች?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ትልቁ ግን አባዬን ደግፈው እያነሱ፣ «ዝም በል፣ ሁላችንም አይተናል» አሏቸው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

አባዬ ወገቡ ጠቁሯል፣ አልተሰበረም። የቢንያም የትከሻ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ሊከሳት ነው የሚል ወሬ ጠዋት ደረሰን። ቀድመን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፣ ሦስታችን።

ተረኛው ፖሊስ፣ «የባልና ሚስት ነገር በሽማግሌ አይሻልም?» አለን።

«ሽማግሌው እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «አልተሻለም።»

ፍሬ አታወራም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የባሏን ስም ከነአባቱ ተናገረች፣ ፎቁን፣ የቤት ቁጥሩን። የትዳሯን ሁለት ዓመት ከመጀመሪያው ጥፊ ጀምራ። እኔ የማላውቀው ብዙ አለ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ፖሊሱ መሃል ላይ መጻፉን ትቶ ያያታል። አባዬ፣ «ይጻፉ እንጂ፣ ለዚህ እኮ ነው የመጣነው» አለው። ፖሊሱ ጻፈ።

ሐሙስ ኑ ተባልን። እሱን ይያዙት እሷን፣ ፖሊሱም የሚያውቅ አይመስልም። ስለ በርጩማው ሁለት ጊዜ ነው የጠየቃት። እፈራለሁ።

ወደ ቤት ሽቅብ ስንወጣ ዝናቡ ያዘን። ፍሬ አባዬን ደግፋ በነጠላ ጫማ ጭቃ ውስጥ ትሄዳለች። «ናቲ፣ ከፖሊስ ጋር ሄደህ ዕቃዬን ታመጣልኛለህ» አለችኝ። «የዝናብ ጫማዬ እዚያ ነው።»

«ተይው፣ እኔ አዲስ እገዛልሻለሁ» አለ አባዬ።

«አልፈልግም፣ አባዬ» አለችው። «የራሴ ይምጣልኝ።»